አባት ለአጥቢ እናት ሊያደርገው የሚገባ እርዳታ፤ በጁባ ከተማ ለሚኖሩ ቤተ ሰቦች የተዘጋጀ የጤና ትምህርት

ጡት ማጥባት የእናት ሥራ ነው ሲባል ኖሯል። ይህ አባባል በግማሽ እውነት ነው። ጡቷን የምትሰጥ እናት መሆኗ አያጠራጥርም፤ ነገር ግን እናቲቱ ይህን ሥራ በደኅና ለመፈጸም እንድትችል ምግብ፣ እንቅልፍ፣ ንጹሕ ውሃና የልብ ዕረፍት ያስፈልጓታል። እነዚህን የሚያሟላላት ሰው ከሌለ ወተቷ ይቀንሳል፤ ባይቀንስም እንኳ የቀነሰ ይመስላታል፤ ከዚያም ጡጦ ወደ ቤት ይገባል። ስለዚህ አባት የሚያጠባ ባይሆንም፣ ወተቱን የሚጠብቅ እርሱ ነው። የዚህ ትምህርት ዋና አሳብ ይኸው ነው። በጽሑፉ ውስጥ የሚጠቀሱት ዓመታት በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የዓለም የጤና ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የሕፃናት መርጃ ድርጅት ዩኒሴፍ ለሁሉም አገር ያቀረቡት ምክር አጭርና ግልጽ ነው። ሕፃኑ በተወለደ በአንድ ሰዓት ጊዜ ውስጥ ጡት ይያዝ፤ እስከ 6 ወር ድረስ ከእናት ጡት በቀር ውሃም ሆነ ሌላ ነገር አይቅመስ፤ ከ6 ወር በኋላ ተጨማሪ ምግብ እየተሰጠው እስከ 2 ዓመትና ከዚያም በላይ ይጥባ። በ2016 ዓ.ም. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት የወጣ ጥናት እንደ ገመተው፣ ይህ ምክር በዓለም ሁሉ በሚገባ ቢፈጸም በየዓመቱ 823 ሺህ ሕፃናትን ከሞት ማዳን ይቻል ነበር። ይሁን እንጂ በኢትዮጵያ በ2016 ዓ.ም. በተደረገው የሕዝብና የጤና ጥናት፣ ዕድሜያቸው ከ6 ወር በታች ከሆኑት ሕፃናት መካከል የእናት ጡት ብቻ ሲጠቡ የተገኙት ከመቶው 58 ነበሩ። በደቡብ ሱዳን በ2010 ዓ.ም. በተደረገው ጥናት ደግሞ 45 ያህሉ ብቻ ነበሩ።

የአራስ ቤት ልማድና የጁባ ኑሮ

በኢትዮጵያ አንዲት ሴት በወለደች ጊዜ ብቻዋን አትተውም። እናቷ ወይም አማቷ ትመጣለች፤ ጎረቤት ገንፎ ያገነፋል፤ አንዷ አጥሚት ስትሠራ ሌላዋ ጨርቅ ታጥባለች፤ ታላላቆቹን ልጆች የሚይዝ ዘመድ አይጠፋም። አራሷ ለብዙ ሳምንት ከከባድ ሥራ ተጠብቃ፣ እየበላችና እያረፈች ሕፃኗን ታጠባለች። አባት በዚያ ጊዜ ከአራስ ቤት ራቅ ብሎ ቢቀመጥ ጉዳቱ ብዙ አይታወቅም፤ የእርሱን ሥራ የሚሠሩ ብዙ እጆች አሉና።

በጁባ ግን ነገሩ ሌላ ነው። ጁባ በነጭ ዓባይ ዳር የተሠራች፣ ከሐምሌ 2011 ዓ.ም. ጀምሮ የነጻዪቱ ደቡብ ሱዳን ዋና ከተማ የሆነች አገር ናት። ከ2005 ዓ.ም. የሰላም ስምምነት ወዲህ ብዙ ኢትዮጵያውያን ወደዚያች ከተማ ሄደው ምግብ ቤትና ሆቴል ከፍተዋል፤ ሱቅ ይነግዳሉ፤ መኪና ይነዳሉ፤ በግንባታ ሥራም ተሠማርተዋል። ከእነርሱ መካከል ትዳር የያዙትና ልጅ የወለዱት ጥቂቶች አይደሉም። ነገር ግን አያት በጎንደር ወይም በደሴ ወይም በአዲስ አበባ ናት፤ ጎረቤቱም እንደ ባለቤቱ ሁሉ ከሩቅ መጥቶ ለዕለት እንጀራው የሚሮጥ ነው። ይህ ችግር የኢትዮጵያውያን ብቻ አይደለም። በታኅሣሥ 2013 እና በሐምሌ 2016 ዓ.ም. በከተማዪቱ በተነሣው ውጊያ ምክንያት ዘመዶቻቸው የተበተኑባቸው የአገሩ ተወላጆችም በዚሁ ዓይነት ችግር ውስጥ ይገኛሉ።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው ይባላል። በአገር ቤት ለብዙ ሰው የተከፋፈለው የአራስ ቤት ሥራ በጁባ በሁለት ሰዎች ላይ ይወድቃል። ከሁለቱ አንዱ እጁን ካጠፈ ሁሉም በወለደችው ሴት ላይ ይሆናል። ስለዚህ በጁባ የሚኖር አባት የአያትን፣ የእኅትንና የጎረቤትን ሥራ ደርቦ መያዝ እንዳለበት አስቀድሞ ሊያውቀው ይገባል።

ወተት የሚገኝበት መንገድ

አባት የሚረዳውን ነገር ምክንያት ካላወቀ እርዳታው አይጸናም። ስለዚህ ወተት እንዴት እንደሚገኝ በአጭሩ መረዳት ይጠቅማል።

ሕፃኑ ጡት ሲጠባ በእናቲቱ አንጎል ሥር የምትገኝ ትንሽ ዕጢ ሁለት ነገሮችን ወደ ደሟ ትልካለች። አንደኛው ፕሮላክቲን ይባላል፤ ሥራውም ወተት እንዲሠራ ማድረግ ነው። ሁለተኛው ኦክሲቶሲን ይባላል፤ ሥራውም የተሠራውን ወተት ገፍቶ ወደ ጡት ጫፍ ማውረድ ነው። ከዚህም ሁለት ሕጎች ይገኛሉ።

የመጀመሪያው ሕግ፣ ጡት በተጠባ መጠን ወተት ይጨምራል፤ ሳይጠባ በቀረ መጠን ይቀንሳል የሚለው ነው። አዲስ የተወለደ ሕፃን በቀንና በሌሊት ውስጥ ከ8 እስከ 12 ጊዜ ይጠባል። ይህ መደጋገም የወተት ማነስ ምልክት አይደለም፤ እንዲያውም ወተቱን የሚያበዛው እርሱ ነው። ሁለተኛው ሕግ፣ ፍርሃት፣ ሕመም፣ ቁጣና ብርቱ ድካም የኦክሲቶሲንን ሥራ ያግዳሉ የሚለው ነው። ወተቱ በጡት ውስጥ እያለ ሊወርድ እምቢ ይላል። እንግዲህ በቤት ውስጥ የሚሰነዘር ክፉ ቃል ስሜትን ብቻ የሚጎዳ ሳይሆን የሕፃኑን መብል የሚያዘገይ መሆኑን አባት ይገንዘብ። ደግሞም እናቲቱ ስትረጋጋና ስታርፍ የታገደው ወተት እንደገና ይወርዳልና፣ አንድ ቀን ቢያስቸግር ደርቋል ብሎ መፍረድ አይገባም።

የመጀመሪያዎቹ ሰዓቶችና ቀኖች

በመጀመሪያዎቹ ቀኖች የሚወጣው ወፍራምና ቢጫ ወተት እንገር ይባላል። አንዳንድ ሰዎች ቆሻሻ ነው በማለት ያስጥሉታል። ይህ ትልቅ ስሕተት ነው፤ እንገር ሕፃኑን ከበሽታ የሚጠብቅ ኀይል በብዛት የሚገኝበት፣ እንደ መጀመሪያ ክትባት የሚቈጠር ነው። መጠኑ ትንሽ መሆኑም ሊያሳስብ አይገባም፤ በመጀመሪያው ቀን ሕፃኑ በአንድ ጊዜ የሚፈልገው ከአንድ ወይም ከሁለት የሻይ ማንኪያ አይበልጥም። ብዙው ወተት የሚመጣው ከ2 እስከ 4 ባለው ቀን ውስጥ ነው።

በእነዚህ ቀኖች የአባት ሥራ በር መጠበቅ ነው። ጠያቂ ይመጣል፤ ስልክም ይደወላል። አንዱ ቅቤ ይላስ ይላል፤ ሌላው ስኳር በውሃ በጥብጡለት ይላል፤ ሦስተኛው የአብሽ ውሃ ያዛል። ሁሉም የሚናገሩት በፍቅር ነው። ሆኖም ደክማ የተኛች አራስ ለሁሉም መልስ ስትሰጥ ልትውል አይገባም። መልሱን አባት ይስጥ፤ በአክብሮትም ይስጥ። ለምሳሌ አማቱ ከአገር ቤት ደውለው ልጁ ውሃ ይቅመስ እንጂ ቢሉ፣ «እማማ፣ ሐኪሞቹ እስከ 6 ወር ከጡት በቀር ምንም እንዳናቀምሰው አዘውናል፤ እርስዎ ምርቃትዎን ይላኩልን» ቢላቸው፣ አማቱም አይከፉም፤ ሚስቱም በእናቷና በሐኪሙ ቃል መካከል ቆማ አትጨነቅም።

ሕፃኑ ያለ ጊዜው ወይም አንሶ የተወለደ እንደ ሆነ ሙቀት ይፈልጋል። በ1978 ዓ.ም. በኮሎምቢያ ዋና ከተማ በቦጎታ የተጀመረው አንሶ የተወለደን ልጅ ራቁቱን በእናት ደረት ላይ አድርጎ የመያዝ ዘዴ ዛሬ በዓለም ሁሉ ይሠራበታል። እናቲቱ ስትታጠብ ወይም ስትተኛ አባት ሸሚዙን ከፍቶ ሕፃኑን በደረቱ ላይ ቢያቅፈው ያንኑ ጥቅም ይሰጣል፤ የአባት ገላም እንደ እናት ገላ ይሞቃልና።

ስለ ሙቀትና ስለ ውሃ

በጁባ ከሁሉ በላይ ጥንቃቄ የሚያስፈልገው ጉዳይ ይህ ነው። በመጋቢት 2024 ዓ.ም. የሙቀቱ መጠን እስከ 45 ዲግሪ ይደርሳል ተብሎ ስለ ተሰጋ የደቡብ ሱዳን መንግሥት ትምህርት ቤቶችን ሁሉ ዘግቶ ነበር። እንዲህ ባለው ቀን ቆርቆሮ በለበሰ ቤት ውስጥ የተቀመጠ አባት የልጁን ላብ ሲያይ፣ ይህ ልጅ ውሃ ጠምቶታል ብሎ ቢያስብ አያስደንቅም። ነገር ግን የእናት ወተት ከመቶው 87 ያህሉ ውሃ ነው። ሕፃኑ በሙቀት ጊዜ ቶሎ ቶሎ ከጠባ ለጥማቱ የሚበቃውን ሁሉ ከጡት ያገኛል። ውሃ የሚያስፈልገው ለእናቲቱ ነው።

ውሃውስ ከወዴት ይመጣል? ከጁባ ነዋሪዎች ብዙዎቹ በቤታቸው የቧንቧ ውሃ የላቸውም፤ ከወንዝ ተቀድቶ በቦቴ መኪና የሚመጣውን ገዝተው በበርሜል ያስቀምጣሉ። በበርሜሉ ውስጥ ጣሳ ይነከራል፤ ጣሳውን የብዙ ሰው እጅ ይነካዋል። ኮሌራ በ2014፣ በ2015 እና በ2016 ዓ.ም. በጁባ ተነሥቶ ሰው ጨርሷል፤ በጥቅምት 2024 ዓ.ም. በአገሪቱ የታወጀውም ወረርሽኝ ወደ ብዙ አውራጃዎች ተዛምቷል። ትልቅ ሰው ችሎ የሚያልፈው ተቅማጥ የ2 ወር ሕፃንን በአንድ ቀን ውስጥ ውሃ አሟጦ ሊገድለው ይችላል። በርኅራኄ የተሰጠ አንድ ማንኪያ ውሃ የሞት ምክንያት ሊሆን የሚችለው በዚህ መንገድ ነው።

ስለዚህ አባት የሚከተሉትን ይፈጽም።

1ኛ. ለእናቲቱ የሚጠጣውን ውሃ ለብቻው በክዳን ዕቃ ያስቀምጥ፤ አፍልቶ ወይም በውሃ ማከሚያ ኪኒን አክሞ ያዘጋጅ፤ ደፍርሶ የመጣውን ውሃ አስቀድሞ አጥልሎ ያጥራው።

2ኛ. ለማጥባት በተቀመጠች ቁጥር አንድ ብርጭቆ ውሃ ወይም አጥሚት አጠገቧ ያኑር። አጥቢ ሴት ጡቱን ስትሰጥ ወዲያው ይጠማታል፤ ሕፃን ታቅፋ ደግሞ ተነሥታ ልትቀዳ አትችልም።

3ኛ. የሕፃኑን ልብስ ያቅልል፤ መስኮት ይክፈት፤ ቀን ቀን ጥላ ወዳለበት ያዛውራቸው።

4ኛ. ሽንት ጨርቅ ከለወጠ በኋላና ምግብ ከመንካቱ በፊት እጁን በሳሙና ይታጠብ፤ ታላላቆቹንም ልጆች ያስለምድ።

ስለ ዱቄት ወተት

ብዙ አባቶች ለሚስታቸው ፍቅራቸውን ለመግለጽ ከሱቅ የዱቄት ወተት ገዝተው ይገባሉ። አሳቡ መልካም ነው፤ ፍሬው ግን ክፉ ነው። በጡጦ የጠገበ ሕፃን ጡት አይፈልግም፤ ያልተጠባ ጡት ወተቱን ይቀንሳል፤ ወተቱ ሲቀንስ ሁለተኛ ቆርቆሮ ይገዛል። ከጥቂት ሳምንት በኋላ እናቲቱ ወተት የላትም ይባላል። ወተቷን ያደረቀው ግን የመጀመሪያው ቆርቆሮ ነው።

በጁባ በዚህ ላይ ሌላ አደጋ ይጨመራል። ወደ ከተማዪቱ የሚገባው የፋብሪካ ምግብ አብዛኛው ከዑጋንዳ በኩል በኒሙሌ መንገድ ይመጣል። ርዝመቱ 192 ኪሎ ሜትር የሆነው ይህ መንገድ በተዘጋ ጊዜ ዕቃ ይጠፋል። በታኅሣሥ 2015 ዓ.ም. የአገሪቱ ገንዘብ ከውጭ ገንዘብ ጋር የሚመነዘርበት ዋጋ ለገበያ በተለቀቀ ጊዜ ገንዘቡ እጅግ ወደቀ፤ ከውጭ የሚመጣ ዕቃም ሁሉ ተወደደ። ዋጋው በናረ ጊዜ ድሀ ቤተ ሰብ ዱቄቱን ያቀጥናል፤ የቀጠነውም ወተት ልጁን ሳያሳድገው ሆዱን ብቻ ይሞላል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ተኩስ በተከፈተ ጊዜ ወደ አብያተ ክርስቲያናትና ወደ ተባበሩት መንግሥታት ሰፈር ከሸሹት እናቶች መካከል፣ የምታጠባዪቱ የልጇን ስንቅ በገላዋ ይዛው ሄዳለች። ጡጦ የለመደ ልጅ ያላት እናት ግን ዱቄት፣ ንጹሕ ውሃና እሳት በአንድነት ማግኘት ነበረባት።

እናቲቱ በሞት ከተለየች፣ ወይም ሐኪም በሕመም ምክንያት ጡት እንዳትሰጥ ካዘዘ ነገሩ ይለያል። በዚያን ጊዜ የዱቄት ወተት መድኃኒት ነው፤ መጠኑን ሐኪሙ ይወስን፤ ውሃው የፈላ ይሁን፤ ለማጽዳት በሚያስቸግር ጡጦ ፋንታ በንጹሕ ኩባያ ይሰጥ። የኤች.አይ.ቪ. ቫይረስ በደሟ የሚገኝ እናት በበኩሏ፣ መድኃኒቷን በየቀኑ ሳታቋርጥ የምትወስድ ከሆነ እንድታጠባ የዓለም የጤና ድርጅት ይመክራል። የአባት ድርሻ አብሮ መመርመር፣ የመድኃኒቱን ሰዓት ማስታወስና ምስጢሯን መጠበቅ ነው።

የቤት ውስጥ ሥራ

የምታጠባ ሴት ከሌላ ጊዜ ይልቅ በቀን 500 ካሎሪ ያህል ተጨማሪ ምግብ ያስፈልጋታል፤ ይህም አንድ መለስተኛ ማዕድ ማለት ነው። ልዩ ምግብ መፈለግ ግን አያሻም። በጁባ ገበያ፣ በኮንዮ ኮንዮም ሆነ በሌላው፣ ኦቾሎኒ፣ ሰሊጥ፣ ባቄላ፣ ባሚያ፣ ቅጠላ ቅጠልና የዓባይ ዓሣ ይገኛል። ከእንጀራና ከሽሮ ጋር እነዚህን እየለዋወጡ ማቅረብ ይበቃል። አባት ወጥ መሥራት ባይችል መገብየትና መክተፍ ይችላል፤ ገንፎ ማገንፋትም በሁለት ቀን የሚለመድ ሥራ ነው። የጾም ወራት በመጣ ጊዜ ክርስቲያን የሆነች እናት የንስሐ አባቷን ታማክር፤ በእስልምናም ለአጥቢ ሴት በረመዳን ፈቃድ መኖሩ የታወቀ ነው። ሚስት በይሉኝታ ዝም ብትል ጉዳዩን የሚያነሣው ባል ይሁን።

ሌሊቱን በሚመለከት፣ ሕፃኑ በነቃ ጊዜ አባት ተነሥቶ ሽንት ጨርቁን ይለውጥና ለእናቲቱ ያቀብላት፤ ጠብቶ ሲያበቃ ተቀብሎ በትከሻው ላይ አድርጎ ያስገሳው፤ መልሶም ያስተኛው። በዚህ ዓይነት እናቲቱ በየጊዜው የምታተርፈው ሩብ ሰዓት በሌሊቱ ውስጥ ከአንድ ሰዓት ይበልጣል። ወባ በጁባ ዓመቱን ሙሉ ስለሚገኝ፣ አጎበሩን በየማታው የሚዘረጋና ዳሩን ከፍራሹ በታች የሚያስገባ አባት ይሁን። ትምባሆ የሚያጤስ ቢሆን ከቤት ውጭ ያጢስ።

በኢትዮጵያ በ2019 ዓ.ም. የወጣው የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ሚስቱ ለወለደችለት ሠራተኛ ከሙሉ ደመወዝ ጋር 3 ተከታታይ ቀን ፈቃድ ይሰጣል። በጁባ ያሉት አብዛኞቹ ኢትዮጵያውያን ግን የራሳቸው ነጋዴዎች ስለ ሆኑ ፈቃድ የሚሰጣቸው ከራሳቸው በቀር ማንም የለም። ስለዚህ መውለጃዋ ሳይደርስ ጥቂት ገንዘብ አጠራቅሞ፣ ሱቁንም የሚጠብቅለት የታመነ ሰው ፈልጎ፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት በቤት ለመዋል መዘጋጀት የብልህ አባት ሥራ ነው።

አባት ሊመለከታቸው የሚገባ ምልክቶች

እናቲቱ ስታጠባ የሕፃኑን አፍ ከላይ እንጂ ከታች በደንብ አታይም። አጠገቧ የተቀመጠ አባት ግን ያያል። የሕፃኑ አፍ በሰፊው የተከፈተ፣ የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ የተገለበጠ፣ አገጩ ጡቱን የነካ፣ በጡት ጫፍ ዙሪያ ያለውንም ጠቆር ያለ ክብ አብዛኛውን ክፍል በአፉ የያዘ መሆን አለበት። ጫፉን ብቻ ይዞ ከሆነ ጡቱ ይቆስላል፤ ወተትም በሚገባ አይወጣም። ያን ጊዜ እናቲቱ ትንሿን ጣቷን በሕፃኑ አፍ ዳር አስገብታ ታስለቅቀውና እንደገና ታስይዘው።

ወተቱ ለልጁ መብቃቱን ለማወቅ የሚታየው ልቅሶው ሳይሆን ሽንቱና ክብደቱ ነው። ከ5ኛው ቀን በኋላ በ24 ሰዓት ውስጥ 6 ጊዜና ከዚያ በላይ የሚሸና፣ በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻም የተወለደበትን ክብደት መልሶ ያገኘ ልጅ ወተቱ በቅቶታል። አባት ሽንት ጨርቁን የሚለውጥ ከሆነ ይህን ቍጥር ያውቀዋል፤ ሚስቱ ወተቴ አነሰ ብላ በተጨነቀች ጊዜም በቍጥር ያጽናናታል።

አንደኛው ጡት ጠጥሮ፣ ቀልቶና ሞቆ ቢገኝ፣ እናቲቱንም ብርድ ብርድ ቢላት፣ ወባ ነው ብሎ በግምት መድኃኒት መግዛት አይገባም። ወደ ጤና ጣቢያ ይውሰዳት፤ ሐኪም ካልከለከለም በዚያው ጡት ማጥባቷን ትቀጥል፤ ማቋረጡ ሕመሙን ያብሰዋልና። ከወሊድ በኋላ ብዙ ደም ቢፈሳት፣ ብርቱ ራስ ምታት ቢይዛት፣ ወይም ሰውነቷ በትኩሳት ቢቃጠል አንድ ሰዓት እንኳ መዘግየት አይገባም። ሕፃኑም መጥባት እምቢ ቢል፣ ቢያንቀጠቅጠው፣ ትንፋሹ ቢፈጥን፣ ትኩሳት ቢኖረው ወይም መዳፉና የእግሩ ውስጥ ቢጫ ቢሆን እንዲሁ ነው። በጁባ የአል ሳባህ የሕፃናት ሆስፒታልና የጁባ ማስተማሪያ ሆስፒታል ይገኛሉ። በሌሊት መኪና የሚያመጣ ሰው ማን እንደ ሆነ፣ ስልኩም ስንት እንደ ሆነ አባት አስቀድሞ ጽፎ ያኑር።

ሌላም በዓይን የማይታይ ሕመም አለ። እናቲቱ ከሁለት ሳምንት በላይ ያለ ምክንያት ብታለቅስ፣ ሕፃኑን ማየት ቢያስጠላት፣ እንቅልፍ ቢጠፋት ወይም ሞትን ብትመኝ፣ ይህ ስንፍናም ቅብጠትም አይደለም። ከወሊድ በኋላ የሚመጣ፣ የሚታከም ሕመም ነው። ከዘመድ ርቃ በምትኖር ሴት ላይ ይህን ቀድሞ ሊያይ የሚችል ባሏ ብቻ ነው።

የአባት ቃል ያለው ኀይል

አባትን ማስተማር በእውነት ጥቅም እንዳለው በኢጣልያ አገር በናፖሊ ከተማ ተፈትኗል። በ2005 ዓ.ም. በታተመው በዚህ ጥናት 280 እናቶች በሁለት ተከፈሉ። እናቶቹ በሁለቱም ወገን ስለ ጡት ማጥባት ምክር ተሰጣቸው፤ በአንደኛው ወገን ግን የሕፃናቱ አባቶች ጡት በማጥባት ጊዜ የሚያጋጥሙትን ችግሮች እንዴት እንደሚያቃልሉ ጨምረው ተማሩ። 6 ወር በሞላ ጊዜ አባቶቹ ከተማሩባቸው እናቶች ከመቶው 25፣ ካልተማሩባቸው ከመቶው 15 ሙሉ በሙሉ እያጠቡ ተገኙ። ችግር ገጥሞናል ካሉት እናቶች መካከል ደግሞ ልዩነቱ እጅግ ሰፊ ነበር፤ በመጀመሪያው ወገን 24፣ በሁለተኛው ወገን ግን ከ5 ያነሱ ነበሩ። ነገሩ ሲቀል ብዙ ሴቶች ብቻቸውን ይወጡታል፤ ነገሩ ሲከብድ ግን የሚለየው የባል እውቀት ነው።

ሌሊት ጡቷ ቆስሎ የምታለቅስ ሴት ባሏ «ተዪው፣ ጡጦ ስጪው» ቢላት ያዘነላት ይመስለዋል፤ እርሷ ግን አልቻልሽም እንዳላት አድርጋ ትሰማዋለች። «እስኪ አያያዙን አብረን እንየው፤ ነገም አዋላጇ ዘንድ እንሄዳለን» ቢላት ግን ሸክሟን ተካፈለ። ከዚያ በኋላ ለመቀጠልም ሆነ ለመተው የመጨረሻው ፈቃድ የእርሷ ነው፤ አባት ረዳት እንጂ አዛዥ አይደለም።

እናቲቱ ወደ ሥራ ስትመለስ

በጁባ ብዙ እናቶች በምግብ ቤትና በገበያ ስለሚሠሩ 6 ወሩ ሳይሞላ ወደ ሥራ ይመለሳሉ። በዚያን ጊዜ እጇን ታጥባ ወተቷን በንጹሕ ዕቃ ልታልብ፣ አባትም በኩባያ ሊያጠጣው ይችላል። የታለበ ወተት 25 ዲግሪ በሆነ ክፍል ውስጥ እስከ 4 ሰዓት ይቆያል፤ የጁባ ቤት ግን ከዚህ አብልጦ ስለሚሞቅ ቶሎ መጠጣት አለበት። ከተቻለም ሕፃኑን በቀን ሁለት ጊዜ ወደ ሥራዋ ቦታ ወስዶ ማስጠባት ከሁሉ ይሻላል። አባት ሕፃኑን አቅፎ በገበያ መካከል ሲሄድ የሚስቅበት ሰው ቢኖር፣ ሳቁ ያልፋል፤ ልጁ ግን ያድጋል።

ስለ ሁለተኛ እርግዝናም ባልና ሚስት ይመካከሩ። ሕፃኑ ከ6 ወር በታች ከሆነ፣ ቀንና ሌሊት ጡት ብቻ የሚጠባ ከሆነ፣ የወር አበባዋም ያልተመለሰ ከሆነ፣ እነዚህ ሦስቱ ሲሟሉ እርግዝና የሚያጋጥመው ከመቶ ሴቶች ከ2 በማይበልጡት ነው። ከሦስቱ አንዱ የጎደለ እንደ ሆነ ግን ወደ ጤና ጣቢያ ሄዶ ሌላ መከላከያ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ከመውለጃዋ በፊት ባልና ሚስት ተቀምጠው ሊመልሷቸው የሚገቡ ጥያቄዎች

1ኛ. ሕፃኑ በተወለደ በመጀመሪያው ሰዓት ጡት እንዲይዝ ለአዋላጇ የሚነግራት ማን ነው?

2ኛ. የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሳምንታት የቤቱን ሥራ የሚሠራ፣ ሱቁንም የሚጠብቅ ማን ነው?

3ኛ. ለእናቲቱ የሚጠጣ ንጹሕ ውሃ በየትኛው ዕቃ ይቀመጣል? በየቀኑስ የሚያዘጋጀው ማን ነው?

4ኛ. ውሃ ወይም ቅቤ ይቅመስ ለሚል ዘመድ የሚመልሰው ማን ነው? በምን ቃልስ ይመልሳል?

5ኛ. በሌሊት ሕመም ቢነሣ የሚጠራው መኪና የማን ነው?

ለእነዚህ ጥያቄዎች ሁሉ «እናቲቱ» የሚል መልስ የተሰጠ እንደ ሆነ ዝግጅቱ ገና አልተጠናቀቀም። ከአምስቱ ቢያንስ ለአራቱ «አባት» የሚል መልስ በተገኘበት ቤት ግን፣ ዘመድ በሩቅ ቢሆንም እንኳ አራሷ ብቻዋን አይደለችም፤ ሕፃኑም ሳይጎድልበት ይጠባል።